የሁለት ሚሊአምፐር ጥበብ

ሮም የኖረ ሐበሻ ቪያ ኩርታቶኔን የሚያውቀው በቤት ጉዳይ ነው። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚርቅ፣ ፒያሳ ኢንዲፔንደንሳ አደባባይን የሚነካ አጭር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች እዚያ ባዶ የቆመ ትልቅ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ገብተው ኖሩ፤ ልጆቻቸውንም አሳደጉ። በኦገስት 2017 ፖሊስ አስወጣቸው፤ አደባባዩ ላይ ያደሩትንም ከቀናት በኋላ ውሃ በሚረጭ መኪና በተናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያው መንገድ ተነስቶ ሩብ ሰዓት ያህል የተራመደ ሰው የሳፒየንሳ ዩኒቨርሲቲ የነርቭና የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ደጃፍ ይደርሳል። ኤሌክትሪክን በራስ ቅል ላይ አሳልፎ ሰውን የሚያንቀጠቅጠው ሕክምና፣ ኤሌክትሮሾክ፣ የተጀመረው እዚህ ሰፈር ነው። ጅረቱን እስከማይሰማ ድረስ ማሳነስ ከተሞከረባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱም ይኸው ሰፈር ነው። ዛሬ ኦቲዝም ያለባቸውና መናገር የከበዳቸው ልጆች ላይ የሚሞከረው ስስ ጅረት የዘር ሐረጉ በዚህ በኩል ያልፋል። ስለ ውጤቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ እጅ ሥራው ግን ጥቂት። እኔ የማደንቀው የእጅ ሥራውን ነው።

በኤፕሪል 1938 የሮም ፖሊስ ቴርሚኒ ውስጥ ያለ ቲኬት ሲንከራተት ያገኘውን ሰው ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ላከው። ሰውየው ራሱ በፈጠራቸው ቃላት ያወራል፤ የሚለውን የሚረዳው አልነበረም። የክሊኒኩ ኃላፊ ኡጎ ቼርሌቲና ረዳቱ ሉቾ ቢኒ ኤሌክትሮሾክን በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት በእሱ ነው። ከዚያ ቀደም ውሾች ላይ ሲሞክሩ አንዱን ኤሌክትሮድ አፍ ውስጥ፣ ሌላውን ፊንጢጣ ውስጥ ያደርጉ ስለነበር ጅረቱ በልብ በኩል እያለፈ ብዙዎቹን ገደላቸው። መፍትሔ የሆነው የቦታ ለውጥ ነው፤ ሁለቱም ኤሌክትሮዶች ራስ ላይ፣ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ግንድ በላይ ተቀመጡ። ቼርሌቲ የሮም ቄራ ድረስ ሄዶ አሳማዎች ከመታረዳቸው በፊት ራሳቸው ላይ በኤሌክትሪክ መቆንጠጫ ሲደነዝዙ ተመለከተ፤ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ ኤሌክትሪኩ አይገድላቸውም። ቢኒ የሠራው መሣሪያ ዛሬ በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

መሣሪያው ብልሃት አለው፤ ታሪኩ ግን ያስቆማል። ቼርሌቲ ራሱ እንደተረከው፣ የመጀመሪያው ጅረት አንሶ ሐኪሞቹ ይደገም አይደገም ብለው ሲነጋገሩ፣ እስከዚያ የሚለው የማይገባ የነበረው ሰው ጥርት ባለ ጣሊያንኛ እንዳይደግሙት ተናገረ። እነሱ ግን ቮልቱን ከፍ አድርገው ደገሙት። ንግግርን ለመመለስ የተነሳ ሕክምና የመጀመሪያውን ግልጽ ንግግር አልሰማም። በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ ከክሊኒኩ ብዙ በማይርቀው የዶጋሊ ሐውልት ሥር፣ ከአዲስ አበባ የተዘረፈውን የይሁዳ አንበሳ አይቶ ደሙ የፈላው ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን መዘዘ። እሱንም ያጎሩት የአእምሮ ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ በ1945 እዚያው ጣሊያን አገር አረፈ። በዚያ ዘመን ሮም የአንድን ሰው ቃል ላለመስማት «አእምሮው ታሟል» ማለት ይበቃ ነበር።

ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1998፣ አልቤርቶ ፕሪዮሪና የሳፒየንሳ ባልደረቦቹ ተቃራኒውን አቅጣጫ የያዘ ጥናት አሳተሙ። ጅረቱ ግማሽ ሚሊአምፐር እንኳ አይሞላም፤ ሰውን አያንቀጠቅጥም፣ አያስተኛም፤ ሆኖም እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ለማግኔት ምት የሚሰጠውን ምላሽ ለወጠው። በ2000 ሚካኤል ኒቼና ቫልተር ፓውሉስ በጀርመኗ ጎቲንገን ከተማ አንድ ሚሊአምፐር አድርሰው ነገሩን አጸኑት፤ ጅረቱ ከተቋረጠ በኋላም ለውጡ ለደቂቃዎች ሲቆይ ታየ። ዛሬ በሆስፒታል የሚሰጠው ኤሌክትሮሾክ 800 ሚሊአምፐር ገደማ ሲሆን፣ ልጆች ላይ የሚሞከረው ስስ ጅረት አንድ ወይም ሁለት ነው። ይህ የሙያው ትልቅ እድገት ይመስለኛል፤ የባለሙያ እጅ የሚለካው በምን ያህል ማነሱን በማወቁም ነውና።

አሁን ወደ ሥራው ጠጋ ብለን እንይ። መሣሪያው በባትሪ የሚሠራና በእጅ የሚያዝ ሣጥን ነው። ሁለት ሽቦዎች ይወጡለታል፤ ጫፋቸው ላይ የጎማ ኤሌክትሮድ አለ፤ ጎማው ደግሞ በጨው ውሃ የተነከረ ስፖንጅ ውስጥ ይገባል። የተለመደው ስፖንጅ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ስፋቱ 35 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሚሊአምፐር በዚህ ስፋት ላይ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 0.03 ሚሊአምፐር እንኳ አይሞላም። ከዚያም ውስጥ አብዛኛው በቆዳው ላይ እየተንሸራተተ ይቀራል፤ አጥንቱን አልፎ አንጎል የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። የስፖንጁ እርጥበት ራሱ ልምድ ይጠይቃል። ከደረቀ ቆዳውን ይለበልባል፤ ከበዛበት ውሃው በፀጉር ሥር እየወረደ ጅረቱን ወዳልታሰበ ቦታ ይወስደዋል።

ቦታውን ማግኘት የልብስ ሰፊ ሜትር ይጠይቃል። ባለሙያዋ ከአፍንጫ አናት፣ ከሁለቱ ቅንድቦች መሐል ካለው ጎድጓዳ ቦታ ትነሳና በአናት በኩል አድርጋ ከማጅራት በላይ እስካለው የአጥንት ጉብታ ትለካለች። ቀጥላ ከአንዱ ጆሮ እስከ ሌላው ትለካለች። የሁለቱ መስመሮች መካከለኛ ነጥቦች የሚገናኙበት ቦታ የአናት መሐል ነው። ከዚያ ርቀቱን በ10 እና በ20 በመቶ እየከፈለች ትሄዳለች፤ የልጁ ራስ ከፊት ወደ ኋላ 34 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ምልክት 3.4 ላይ፣ ቀጣዩ ከዚያ 6.8 አልፎ ያርፋል። ይህን አለካክ በ1958 ለዓለም ያስተዋወቀው የሞንትሪያሉ ኸርበርት ጃስፐር ነው። የዘዴው ውበት በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በመቶኛ መሥራቱ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅም የጎልማሳም ራስ በአንድ ሕግ ይለካል። ነጥቦቹ ቁጥር አላቸው፤ ጎዶሎ ቁጥሮች ግራ፣ ተጋማሽ ቁጥሮች ቀኝ ናቸው። ለንግግር የሚፈለገው ብዙ ጊዜ ግራው ግንባር ነው፤ ፈረንሳዊው ፖል ብሮካ በ1861 መናገር ያቃተው በሽተኛ ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ ጉዳቱን ያገኘው እዚያ ነበርና።

ቦታው በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል። ቆዳው ይጸዳል፤ ቁስል ወይም ጭረት እንዳለ ይታያል። የላስቲክ ማሰሪያው ይጠብቃል፤ ግን እንዳያምም። መሣሪያው ሲበራ ጅረቱ በአንዴ አይመጣም፤ ከዜሮ ተነስቶ በ30 ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣል፤ 20 ደቂቃ ይቆይና በዚያው ዝግታ ይወርዳል። ልጁ የሚሰማው ነገር ቢኖር ትንሽ ማሳከክ ነው። የልጅ ራስ ቅል ስስ ስለሆነ ያው ጅረት ከአዋቂ ይልቅ ልጅ ውስጥ ይበረታል፤ ጠንቃቃ እጅ ለልጅ አንድ ሚሊአምፐርን የሚመርጠው ለዚህ ነው። በ2016 የታተመ የደኅንነት ግምገማ በሁሉም ዕድሜ ያሉ ሰዎች የወሰዷቸውን ከ33,000 በላይ ክፍለ ጊዜያት አገናዝቦ አንድም ከባድ ጉዳት አላገኘም። ሆኖም ኦቲዝም ካላቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም ስላለባቸው ይህን ሳይጠይቁ ማሰሪያ ማንሳት ነውር ነው።

ይህን ሁሉ የሚፈትነው ልጁ ራሱ ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ እርጥብ ስፖንጅ ግንባር ላይ ማረፉ፣ ማሰሪያ ራስን መጭመቁ ከሕመም ሊቆጠር ይችላል። ጥሩ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን መሣሪያውን አያበራም። ልጁ ስፖንጁን ይዳስሳል፤ ማሰሪያውን ለአሻንጉሊቱ ያስራል፤ እናቱ ራስ ላይ ያየዋል። እጁን አንስቶ ቢገፋ መግፋቱ እንደ ቃል ይቆጠራል፤ መናገር የማይችል ልጅ «አይሆንም» የሚልበት መንገድ ይኸው ነውና። በ1938 ክሊኒኩ ውስጥ ያልነበረው የሙያ ክፍል ይህ ነው። ከሽቦውም ከባትሪውም በላይ የማከብረው ይህንን ነው።

የሐበሻ ፀጉር ደግሞ የራሱ ጥያቄ ያመጣል። ኤሌክትሮድ ቆዳ መንካት አለበት፤ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ ፀጉርና ሹሩባ ግን ከቆዳው ያርቀዋል። ሹሩባ ፍቱ መባል የለመዱ እናቶች ብዙ ናቸው፤ የአንድ ጠዋት ሥራ በአንድ ቀጠሮ ይፈርሳል። በ2020 በፒትስበርግ፣ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ፣ አርኔል ኤቲየን የተባለች ወጣት መሐንዲስ ነገሩን ገለበጠችው። የአንጎልን ሞገድ ለሚያነበው ኢ.ኢ.ጂ. የሚሆን፣ ሹሩባው ራሱ ደግፎ የሚይዘው ኤሌክትሮድ ከባልደረቦቿ ጋር ሠራች። የሹሩባው መስመሮች የጃስፐርን ነጥቦች ተከትለው ይጎነጎናሉ፤ በጉንጉኖቹ መሐል የሚጋለጠው ቆዳ ላይ ኤሌክትሮዱ ይቀመጣል። እንቅፋት ይባል የነበረው ፀጉር የመሣሪያው አካል ሆነ። ጎንደር ወይም መቀሌ ያለች ሹሩባ ሠሪ ብታየው ሥራውን ወዲያው ትረዳዋለች።

ጅረቱ ግን ምን ይሠራል? ቃል አያስተምርም። የነርቭ ሴሎች እንዲተኩሱም አያስገድድም፤ ለመተኮስ ያላቸውን ዝግጁነት በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ክራርን እንደ መቃኘት ነው፤ ዜማው ከቅኝቱ አይመጣም፣ ያልተቃኘ ክራር ግን ዜማውን ያበላሻል። ስለዚህ በ20 ደቂቃው ውስጥ ልጁ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ብዙ አይጠበቅም። የሥዕል ስም ሲጠራ፣ ዐረፍተ ነገር ሲያሟላ፣ ከንግግር ሕክምና ባለሙያው ጋር ተራ እየጠበቀ ሲያወራ ነው ጅረቱ የሚደግፈው ነገር የሚያገኘው።

ውጤቱስ? በ2011 ሽናይደርና ሆፕ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጥቂት ቃል ብቻ ያላቸው 10 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ሞክረው በዐረፍተ ነገር አሠራር ላይ መሻሻል ማየታቸውን ጻፉ። ሁለቱ የልጆቹን ቋንቋ የለኩት ለሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎች ከተዘጋጀ መፈተኛ ቀንሰውና አስተካክለው በወሰዱት መለኪያ ነው። በ2014 ታይላንድ ውስጥ ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆኑ 20 ወንዶች ልጆች በግራ ግንባራቸው ላይ ለአምስት ቀናት አንድ ሚሊአምፐር ተሰጣቸው፤ የኦቲዝም ምልክቶቻቸውን የሚለካው ነጥብ ተሻሻለ። ሮም ውስጥ ደግሞ በባምቢኖ ጄዙ የሕፃናት ሆስፒታል ፍሎሪያና ኮስታንሶና ባልደረቦቿ በ2016 ለየት ያለ ሥራ አሳተሙ። ማንበብ የሚቸገሩ 18 ልጆችና ታዳጊዎች በሳምንት ሦስት ጊዜ ለስድስት ሳምንታት የንባብ ትምህርት ወሰዱ፤ ገሚሶቹ እውነተኛ ጅረት፣ ገሚሶቹ የማስመሰያ። እውነተኛውን ያገኙት ብዙም የማይገጥሙ ቃላትንና ትርጉም አልባ ቃላትን በማንበብ ተሻሉ፤ ለውጡም ከወር በኋላ ነበረ። የሮሙ ሥራ ስለ ኦቲዝም አይደለም፤ ነገር ግን ጅረትና ትምህርት ጎን ለጎን እንዴት እንደሚሄዱ ያሳያል።

ማስመሰያው በራሱ አድናቆት ይገባዋል። ሁሉም ነገር እኩል ይደረጋል፤ ሜትሩ፣ እርሳሱ፣ ስፖንጁ፣ ማሰሪያው። ጅረቱ ለ30 ሰከንድ ያህል ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል፤ ቆዳው ማሳከኩን ያገኛል፣ አንጎሉ ግን ምንም አያገኝም። ልጁ አያውቅም፤ እናቱ አታውቅም፤ ውጤቱን የሚለካው ሰውም አያውቅም። የታይላንዱ ጥናት ይህን በእያንዳንዱ ልጅ ላይ አደረገው፤ አንዴ እውነተኛውን፣ አንዴ ማስመሰያውን ሰጥቶ በመሐሉ አራት ሳምንት አሳረፈ። አንድ እናት ልጇ «ማማ» እንዲላት ስትጠብቅ ኖራ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ለውጥ ማየቷ የማይቀር ነው፤ ተስፋ ጆሮን ያታልላል። ማስመሰያው እናትን አይዋሻትም፤ ሐኪሙ ራሱን እንዳይዋሽ ይይዘዋል። እነዚህ ጥናቶች ሁሉ ትንንሽ ናቸው፤ በ10 እና በ20 ልጆች የተገኘ ነገር ሕክምና ለመባል አይበቃም። ለዚህም ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን ጅረት ለኦቲዝም ያልፈቀደው።

ጅረቱ የሚደግፈው ትምህርትም ሮም ውስጥ የራሱ የእጅ ሥራ ታሪክ አለው፤ ከቴርሚኒ የባቡር ሐዲድ ማዶ ሳን ሎሬንሶ የሚባል ሰፈር አለ። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የልጆች ቤቷን በጃንዋሪ 1907 የከፈተችው እዚያ ነው። ከዚያ በፊት በሮም የአእምሮ ክሊኒክ ሠርታ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ፊደላትን ከእንጨት አስቀርጻ ነበር፤ ተነባቢዎቹ ሰማያዊ፣ አናባቢዎቹ ቀይ። እንጨቱ ውድ ሲሆንባት ፊደሉን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ ካርቶን ላይ ለጠፈች። ልጁ ሻካራውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ድምፁን ይሰማል፤ ዓይን፣ ጣትና ጆሮ በአንድ ጊዜ ይማራሉ። ርካሹ ከውዱ በለጠ።

አዲስ አበባ ላይም እንዲሁ ያለ እጅ ነበረን። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን ስታሳድግ የሚሆነው ትምህርት ቤት አጣች፤ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች። ልጇ እንዲናገር ስትል «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያለችውን፣ በርካታ የስሜት ሕዋሳትን አብሮ የሚያሠራ የድምፅ ማስተማሪያ ዘዴ ፈጠረች። የእኛ ፊደል ለዚህ ይመቻል፤ ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ቅርጽ ተገጥመው ስለሚመጡ ልጁ ድምፆችን ለየብቻ ይዞ የማጋጠም ጭንቀት የለበትም። በ ብሎ ጀምሮ እስከ ቦ ሲወርድ ከንፈሩ አንድ ሥራ ይደግማል፤ የሚለወጠው የአፉ መከፈት ነው። ዘሚ በ2021 አረፈች። ዘዴዋን ማንም በማስመሰያ የፈተነላት የለም ብሎ መናቅ ይቀላል፤ ግን ልጅ በቋንቋው፣ በፊደሉ፣ በእናቱ አፍ እንዲማር ማድረጓ የትኛውም ሽቦ ሊቀጠልበት የሚገባ መሠረት ነው።

ቪያ ኩርታቶኔ ያደጉትን የመሰሉ ልጆች ይህ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ቤት ውስጥ ትግርኛ ወይም አማርኛ፣ ደጅ ጣሊያንኛ የሚሰማ ልጅ መናገር ሲዘገይ ብዙ ወላጅ «ቋንቋ አበዛችሁበት፣ አንዱን ተዉ» ይባላል። ጥናቶች ግን ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከአንድ ቋንቋ ተናጋሪው ይበልጥ እንደማያዘገየው አሳይተዋል። እናት የምታፈቅርበትንና የምትቆጣበትን ቋንቋ ከቤት ማስወጣት ሕክምና አይደለም። ልጁ በጣሊያንኛ ብቻ ተፈትኖ «ቃል የለውም» ከተባለም የተሳሳተው ልጁ ሳይሆን ሜትሩ ነው።

ፍርዴ ይኸውና። ስሱ ጅረት ጥሩ የእጅ ሥራ ነው፤ የተረጋገጠ ሕክምና ግን ገና አልሆነም። እናንተ ወላጆች፣ መሣሪያውን ከኢንተርኔት ገዝታችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። «ልጃችሁን በአሥር ቀን እናናግርላችኋለን» የሚል ክሊኒክ ቢገጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የልጄን ራስ ማን ይለካል? ጅረቱ ሲበራ ማን አብሮት ያወራል? ልጄ እጁን ገፍቶ እምቢ ቢል ታቆማላችሁ? ለሦስቱም ቀጥተኛ መልስ ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን ለጥሩ የንግግር መምህር አውሉት።